የዘጠኝ ቮልት ልብ

በያጁ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው በር ከማጠፊያው፣ የሰው መስኮት ከፍሬሙ ሲያያይዝ ኖሮ፣ በስተመጨረሻ እሱ ራሱ ከአንዲት ሳጥን ጋር ተያያዘ።

ሳጥኗ የድሮ የኪስ ሬዲዮ ታክላለች። ከአልጋው ራስጌ በቆመው ዘንግ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች፣ ተንጠልጥላ ታድራለች። ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በአንገቱ ቀኝ በኩል ገብቶ፣ በደም ሥሩ ቁልቁል ወርዶ፣ ማረፊያው ልቡ ውስጥ ነው። ፊቷ ላይ ቁጥር የሚታይባት መስኮት፣ በመስታወት ክዳን የተቆለፉ መዞሪያዎችና የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት መብራቶች አሏት። አረንጓዴዋ ብልጭ ባለች ቁጥር የበያጁ ልብ አንዴ ይመታል። ብልጭ፣ ምት። ብልጭ፣ ምት። ሁለተኛዋ መብራት ቢጫ ናት። እሷ በርታ ስለማታውቅ ምን እንደምትሠራ የጠየቀም፣ የነገረውም ሰው አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ከሱቁ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣበት ጥምዝምዝ የብረት ደረጃ አዞት፣ በያጁ አሥራ አንደኛዋን መርገጫ በይዶ እንደጨረሰ ደረቱ ላይ ወፍራም ሰው የተቀመጠበት መሰለው። ጭሱ ነው አለ። ጭንብሉን አወለቀ። ላብ በላብ ሆኗል፤ ግራ ክንዱም የእሱ አልመስል አለው። «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ዘፍ አለ፤ ዘፍ ያለው ግን አሁን ከእሳት በወጣችው መርገጫ ላይ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቱ ሰፈር ያናጋ ነበር። ያን ዕለት የደረቱ ሕመም የመቀመጫውን አስረሳውና፣ መቃጠሉ የታወቀው ሐኪም ቤት ሱሪው ሲወልቅ ነው። ሐኪሞቹም መጀመሪያ ልቡን አከሙ፣ ቀጥሎ መቀመጫውን። ካርዱ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። ለጠያቂ የሚነገረው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የተዘጋውን የደም ሥር በዚያው ቀን ከፈቱለት። ልቡ ግን በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ፣ እሱንም እየተለመነ ይመታ ጀመር። ሽቦው የገባው ያኔ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ስትራመድ ትፈጥናለች፣ ስታስረዳ ቀስ ትላለች። ረቡዕ ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ቆማ፣

«አባባ፣ ልብ ምድር ቤትና ፎቅ አለው» አለችው። «ፎቁ ያዛል፣ ምድር ቤቱ ይሠራል። የእርስዎ ፎቅ በደንብ ያዛል። ትእዛዙ ግን ደረጃው ላይ ይቀራል።»

በያጁ ስለ ልብ ምንም አያውቅም፤ ስለ ደረጃ ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም። «ተሰብሯል?»

«ደንዝዟል። ደም ተቋርጦበት ስለነበር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይነቃል። እስከዚያ ሳጥኗ ትሠራለታለች።»

«ባይነቃስ?»

«እስከ ሰኞ እንጠብቃለን። ባይነቃ ትንሽ ቋሚ መሣሪያ ከደረትዎ ቆዳ ሥር እናስገባለን። ብዙ ሰው በእሱ ተደላድሎ ይኖራል።»

«እኔስ በእሱ እየኖርኩ እሠራለሁ?»

«ሥራዎ ምን ነበር?»

እጆቹን ዘርግቶ አሳያት። ጠባሳቸው ከካርዱ የበለጠ ይናገራል።

ዶክተሯ ጠባሳዎቹን አየች። «የብየዳ ማሽን ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ጋር አይስማማም። የኤሌክትሪክ ጉልበቱ መሣሪያውን ያታልለዋል፤ ልብ የመታ ይመስለውና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መራቅ ይኖርብዎታል።»

«ስንት ሜትር?»

«አባባ፣ ሜትር አይደለም። ሥራውን መተው ማለቴ ነው።»

በዚያች ቃል በያጁ ሕመሙን ረሳው። ሌላ ሰው ጡረታ ሲባል መናፈሻ ይታየው ይሆናል። እሱ የታየው ጨለማ ነው፤ ያውም የለመደው ደግ ጨለማ አይደለም። ጭንብሉን ሲያወርድ ዓለም እንዳለ ይጠፋና የቀለጠችው ነጥብ ብቻዋን ትቀራለች። እዚያ ውስጥ ዕዳ የለም፣ ወሬ የለም፣ ጉልበት አያምም። ሠላሳ አራት ዓመት በቀን ብዙ ጊዜ እየገባ የሚወጣባት ቤቱ ነበረች። አሁን በሯን ሊቆልፉበት ነው። ሰኞ።

ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ባሏ ከሳጥን ጋር እንደታሰረ ስታይ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ አፍንጫዋን ጠረገችና ባለ ካሬ ወረቀት አውጥታ የጥበቃ ተራ ሠራች። ነርሷ አንድ ጊዜ፣ በሩጫ፣ «አረንጓዴዋ እስከበራች ድረስ አትስጉ» ብላ ስለነበር፣ የጥበቃው ሥራ አረንጓዴዋን ማየት ሆነ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት እሷ። ከስድስት እስከ አሥር ወንድሟ። ከዚያ ደግሞ እሷ። ፈተና ላይ ተማሪ የሚኮርጀውን በጀርባዋ የምታይ ሴት ነበረችና አረንጓዴዋ ከእሷ ዓይን ውጪ ብልጭ ማለት አልቻለችም።

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰፈር የሚያውቀው ፊውዝ በሚለው ስሙ ነው፤ ቶሎ ስለሚግልና ከጋለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስለማይሠራ። በያጁንና ፊውዝን ያዛመደው ጋብቻ ነው፤ ያቆራረጣቸው ደግሞ በር። ከሰባት ዓመት በፊት በያጁ ለፊውዝ ግቢ ትልቅ የብረት በር ሠራለት። በሩ በስድስተኛው ወር ዘመመ። ከዚያ ወዲህ ፊውዝ ቤቱ የሚገባው በሩን በትከሻው አንሥቶ ነው። በያጁ መጥቶ አየና ጥፋቱን ግንቡን በሠራው ግንበኛ ላይ ደፈደፈው፤ ግንበኛውም ባልሠራው ጥፋት ተሰድቦ ከፊውዝ ጋር ተቆራረጠ። ከዚያ ወዲህ አማቾቹ ሲገናኙ የሚያወሩት የግንበኛውን ነገር ነው። ሌላ የሚያስማማቸው ወሬ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ነርሷ የሳጥኗን ባትሪ ስትቀይር ፊውዝ አየ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ዘጠኝ ቮልት! ጋሼ፣ በዘጠኝ ቮልት ነው እንዴ የምትኖረው? ይኼ እኮ የልጆች መጫወቻ የባትሪ ድንጋይ ነው!»

«ስንት ፈልገህ ነበር?»

«ለሰው? ለትልቅ ሰው?» ፊውዝ ቁልቁል አየው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይኑ ለካው። «ቢያንስ አሥራ ሁለት።»

«በመኪና ባትሪ ልታስነሣኝ ነው?»

«ቀልድ አይደለም። የሚጠባበቅ ሌላ ድንጋይስ አላት? የላትም! እኔ ያለ መለዋወጫ ሽንት ቤትም አልገባ።» በማግስቱ ከኪሱ አዲስ የዘጠኝ ቮልት ድንጋይ አውጥቶ አሳየው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ከኪሱ አልተለየችም። ስለ ቢጫዋም የሚለው ነበረው። «ቢጫ ማለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ የድንጋዩ መድከም። የትም አገር ብትሄድ ቢጫ ቢጫ ነው።»

ዶክተሯ በየቀኑ ጠዋት እየመጣች የልቡን እንቅልፍ ትፈትናለች። ክዳኑን ትከፍትና የሳጥኗን ፍጥነት ቀስ ብላ ዝቅ ታደርጋለች፤ ሳጥኗ ስትዘገይ ልቡ ሥራውን ይቀበላት እንደሆነ ለማየት። ሐሙስ ልቡ በራሱ የመታው ሠላሳ አራት ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ጭልም አለበት። ዓርብ ሠላሳ ስምንት። እሷ ስታዞር እሱ አልጋውን ጨብጦ «በርታ፣ በርታ አንተ ሰነፍ» ይላል፤ ልቡን ነው። ቅዳሜ አርባ አንድ ደረሰ፤ ግንባሩ ግን በላብ ታጠበ።

«ትንሽ ትንሽ እየመጣ ነው» አለች ዶክተሯ፤ አፏ እንጂ ፊቷ አላለውም። «ሳጥኗን ከሰባ ወደ ስልሳ አወረድኳት። ቦታ እንስጠው።»

«ዶክተር፣ ምናልባት አጉል ተሞላቅቆ ይሆናል። እሷ ስላለችለት።»

«ልብ አይሞላቀቅም፣ አባባ።»

«የኔን ልብ አታውቂውም።» ወዲያው ደነገጠና «አያውቁትም» ብሎ አስተካከለ። ዶክተሯ ሳቋን በማስክዋ ደበቀች።

እሑድ ከሰዓት፣ በጠያቂ ሰዓት፣ ሚስቱ የተማሪ ፈተና እያረመች ራስጌው ተቀምጣለች። የሚፈቀደው አንድ ጠያቂ ነው፤ ፊውዝ ግን የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ «መብራት ልሠራ ነው» እያለ ስለሚገባ ዘበኛው በሰላምታ ያሳልፈው ነበር። ብርቱካን ልጦ ለበሽተኛው እየሰጠ፣ አንዱን ለእሱ ሁለቱን ለራሱ እያደረገ፣ ስለ ግንበኛው ያነሣል።

«ትናንት አየሁት። ማዶ ላይ። አንገቱን አዞረ።»

«ኅሊናው ይወቅሰዋ» አለ በያጁ ብርቱካኑን እያኘከ።

«ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አይልም?»

«ግንበኛ ድሮም አመሉ...»

«አረንጓዴዋ» አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ማኘካቸውን አቆሙ።

«አረንጓዴዋ ምን ሆነች?» አለ ፊውዝ።

«የለችም።»

ሦስት ራስ በአንድ ላይ ዞረ። አረንጓዴዋ እውነትም የለችም። በእሷ ፋንታ ያቺ ለአምስት ቀን አንዴም ያልበራችው ቢጫዋ ብልጭ ብልጭ ትላለች።

«ቢጫ!» ፊውዝ ብርቱካኑን ጣለ። «ያልኩት ደረሰ! ድንጋዩ አልቋል!»

«ሲስተርን ልጥራ!» ሚስቱ ተነሣች፤ የፈተናው ወረቀት እንዳለ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«እሷ እስክትመጣ እኮ ይሞታል!»

«ማነው የሚሞተው?» አለ በያጁ።

የመለሰለት የለም። ሚስቱ አንድ ጫማዋን አልጋው ሥር ትታ ኮሪደሩን በሩጫ ተያያዘችው። ፊውዝ ከአልጋው በላይ ወዳለው ማሳያ አፈጠጠ። «ቁጥሩን እየው! ስልሳ ሦስት። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ሁለት! ከትናንት ጀምሮ ስልሳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቁጥር ዛሬ ምን ያስጨፍረዋል? ቮልቴጁ እየዋዠቀ ነው!»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ» አለ በያጁ።

«አምፖልም ሊቃጠል ሲል ይደምቃል!»

ይህን ብሎ ፊውዝ ሃያ ዓመት ሲሠራ የኖረውን ሠራ። መዞሪያዎቹ ተቆልፈዋል፤ የባትሪው ቤት ግን ከሥር ነው፣ ቁልፍም የለው። በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ቷ ብሎ ወጣ። አሮጌውን ድንጋይ መዞ አወጣው። ሳጥኗ አንዴ ጢጥ አለች። ቢጫዋም ጠፋች። ፊውዝ አዲሱን ከኪሱ በጥድፊያ አወጣ፤ ድንጋዩ ከጣቱ አፈትልኮ ወለሉ ላይ ነጠረና ተንሸራቶ አልጋው ሥር ገባ።

«ወይኔ!» ብሎ ፊውዝም ተከትሎት ገባ።

በያጁ ሳጥኗን አየ። መብራት የለም፣ ቁጥር የለም። በአንገቱ የገባው ሽቦ ከዚህ በኋላ ከምንም ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ያየው ነገር ቢኖር አልጋው ሥር የሚንፏቀቅ የአማቹ መቀመጫ ብቻ ነው። ለዚህች ዓለም የመጨረሻ ዕይታ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም ነበር ብሎ አዘነ። ደረቱ ቀለለው፤ ነፍሴ እየወጣች ነው አለ። ሰው በዚህ ሰዓት መዋሸት የለበትም።

«ስማኝማ» አለ በደከመ ድምፅ።

«ቆይ ቆይ፣ እዚህ ግድግዳው ጥግ...»

«ግንበኛውን እንዳትጠላው። በሩ የዘመመው በሱ አይደለም። ያን ቀን ኤሌክትሮድ አለቀብኝ፤ መሸብኝም። የላይኛውን ማጠፊያ በሁለት የብየዳ ነጥብ ብቻ ነክሼ ቀለም ቀባሁበት። ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ... ነገ መጣ፣ እኔ አልመጣሁም። ይቅር በለኝ።»

ዓይኑን ጨፈነና ጠበቀ።

ጠበቀ። ብርቱካን ይሸተዋል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጋሪ ሲጢጥ ይሰማዋል። የተቃጠለው መቀመጫው ይበላዋል። ሞት ይህን ያህል ዝርዝር ያለው ነገር መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

አልጋው ሥር መንፏቀቁ ቆሟል። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከታች መጣ።

«ምን አልክ?»

«እየሞትኩ ነው።»

«መሞቱን ቆይ!» የፊውዝ ራስ ከአልጋው ጠርዝ ብቅ አለ፤ ጸጉሩ አቧራ ለብሷል። «ሁለት ነጥብ? ለዚያ ሁሉ በር ሁለት ነጥብ?»

«ለሟች አይጮህም።»

«ሰባት ዓመት በትከሻዬ ነው በር የምከፍተው! ትከሻዬ አንዱ ከአንዱ ወርዷል! ግንበኛው ሠርጉ ላይ ጠርቶኝ ቀርቻለሁ! እናቱ ሲሞቱ ከሩቅ ቆሜ ነው የተመለስኩት! ሁለት ነጥብ!»

«በነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ሰዓት ላይ...»

«ምን ነፍስ? አልሞትክማ!»

ሁለቱም ይህን ቃል ሰሙትና ተያዩ። ፊውዝ ሳጥኗን አየ፤ ጭር ብላለች። በያጁን አየ፤ በያጁ ፊቱ በንዴት ቀልቷል። ከላይ ያለው ማሳያ ሰባ አንድ ይላል።

«በምንድነው የምትሠራው?» አለ ፊውዝ በሹክሹክታ፤ በሰው ቤት ሽቦ ሳይኖረው የበራ አምፖል ያየ ሰው በሚያወጣው ድምፅ።

ነርሷ ሚስቱን አስከትላ ደረሰች። ፊውዝን በክርኗ ገፍታ የነቀለውን ባትሪ ከእጁ ነጠቀች፣ ከተተች፣ ሳጥኗን አበራች። ከዚያ ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ማሳያውን አይታ አፏን ሳትዘጋ ቆመች። የልቡን መስመር በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች።

«ማንም እንዳይነካ» አለች። «ምንም። ብርቱካኑንም።» ዶክተሯን ልትጠራ ሄደች።

ዶክተሯ መጥታ መጀመሪያ መስመሩን አየች፣ ቀጥሎ ፊውዝን።

«ማነው የከፈታት?»

ሚስትየው ወንድሟን አየችው። በያጁ አማቹን አየው። ፊውዝ ግድግዳውን አየ፤ ግድግዳው ግን ጥያቄውን የሚያሳልፍለት ሰው አልነበረውም።

«ሙያህ ምንድነው?»

«ኤሌክትሪክ።»

«ሰው ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ቤት ላይ።»

«ልቡ ዛሬ ባይነቃ ኖሮ ገድለኸው ነበር። ገብቶሃል? በሁለት እጅህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል አትገባም። በመብራትም፣ በውሃም፣ በምንም።»

ፊውዝ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ በሁለት ጣቱ «ሁለት» የሚል ምልክት ለበያጁ አሳየውና ሄደ።

«ባይነቃ አሉ?» አለች ሚስቱ።

ዶክተሯ መዞሪያዋን እስከ ሠላሳ አወረደች። በያጁ አልጋውን ጨበጠ። ጨለማው አልመጣም። ስልሳ አራት። ስልሳ ሰባት። ስልሳ ሦስት።

«ሳጥኗ ስልሳ ላይ ስትሆን ልብ ከስልሳ በታች ካልወረደ ዝም ትላለች» አለች ዶክተሯ መዞሪያዋን ወደ ስልሳ እየመለሰች። «አረንጓዴዋ እሷ ስትሠራ ነው የምትበራው። ቢጫዋ ልቡ በራሱ መምታቱን ስትሰማ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ጤነኛ ልብ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም።»

«እና ቢጫዋ...» አለ በያጁ።

«ቢጫዋ እርስዎ ነዎት።»

በያጁ አምስት ቀን የሰው ዓይን ያላረፈባትን ያቺን መብራት አየ።

«ቀዶ ጥገናው ቀረ ማለት ነው?»

«አልልም። አንዴ ነቅቶ ተመልሶ የሚተኛ አለ። እስከ ረቡዕ እንጠብቃለን። እስከዚያ አረንጓዴዋ ካልመጣች ሽቦውን አወጣለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የነበረው ጥበቃ ከበፊቱ ባሰ። እሑድ ማታ ቢጫ። ሰኞ ጠዋት አንዴ አረንጓዴ ብልጭ አለች፤ በያጁ እንደተሰደበ ሰው ደነገጠ። ረፋድ ላይ ሦስት ጊዜ ደገመች፤ ምሳውን አልበላም አለ። ከሰዓት በኋላ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ሚስቱ የወንድሟንም ተራ ወስዳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እርማት ይዛ አንድ ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየች።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«አንድ ነገር ልንገርህ። አትቆጣ፤ ልብህ ገና ነው።»

«ከትናንት የባሰ ምን ይመጣል?»

«እኔ ስጸልይ የነበረው ለአረንጓዴዋ ነው።» ቀና ብላ አላየችውም። «ከረቡዕ ጀምሮ። አረንጓዴዋ ካልጠፋች ቋሚው ይገባል፤ ቋሚው ከገባ ብየዳው ይቆማል፤ ብየዳው ከቆመ አንተ ትተርፍልኛለህ ብዬ ነው። እንዲህ አስቤ ነው። ትናንት ስትጠፋ ግን የምሞተው እኔ መሰለኝ።»

በያጁ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን እንደ ልቡ ደረጃ ላይ ቀረ። እሱ እዚያች ብሩህ ነጥብ ውስጥ ገብቶ ዓለምን በሚረሳበት በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ጭንብሉ ውጪ ቆማ የምትጠብቅ ሰው እንደነበረች አስቦት አያውቅም።

«አሁንስ ለየትኛዋ ነው?»

«ዓይኔ ቢጫዋን ያያል። ሆዴ ገና አልመጣም።»

«ግማሽ ቀን ብቻ ብሠራስ?»

አስተማሪዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ግማሽ ቀን ያንተ አሥር ሰዓት ነው፤ አውቅሃለሁ። ሦስት ሰዓት።»

«አምስት።»

«ሦስት። ብቻህን ከፍታ ላይ አትወጣም። ደረትህን ሲያምህ 'ጭሱ ነው' አትልም።»

«አራት፤ የቀረውን ሁሉ እሺ።»

«አራት፤ ግን በየሰዓቱ ትደውልልኛለህ» አለችና በካሬ ወረቀቷ ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ አስፈረመችውም። ለመፈረም ሲዘረጋ ሽቦው እንዳይጎተት ክንዱን ደግፋ ያዘችለት።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴዋ አልመጣችም። ረቡዕ ጠዋት ዶክተሯ ሳጥኗን አጥፍታ አንድ ሰዓት አቆየችው። ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ አራት። ከዚያ ጓንት አጠለቀች፣ የአንገቱን ማሸጊያ አነሣች፣ «ይተንፍሱ» አለችው። ተንፍሶ ሳይጨርስ ሽቦው ወጣ። ያመመው እንኳ የለም። አንገቱን በፋሻ ተጭና ይዛ፣

«ይኸው፣ ተገላገልን» አለች። «ስድስት ሳምንት ያርፋሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ።»

«ወደ ብየዳዬ?»

«ወደ ብየዳዎ። መድኃኒትዎን ከዋጡ።»

ሚስቱ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጀርባዋ ግን ሁሉን ይናገር ነበር። በያጁ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አሥራ ሁለተኛዋን መርገጫ ከየት እንደሚጀምር በሐሳቡ ያሰላ ጀመር። ከዚያ ዓይኑ ትሪው ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ላይ አረፈ።

«ዶክተር፣ ልየው?»

አነሣችና አሳየችው። ቀጭን ነው፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ። ጫፉ ላይ ሁለት ቀለበት የመሰሉ ትናንሽ ብረቶች አሉ። በሙያው ዓይን ጠጋ ብሎ አየው፤ አገላብጦ አየው። የቅልጠት ምልክት የለውም። ጥርስም፣ መንጠቆም፣ ብሎንም የለውም።

«ልቤ ላይ በምን ነበር የተያያዘው?»

«አልተያያዘም።»

«እንዴት አልተያያዘም?»

«ጫፉ የልብዎን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ነክቶ ይበቃዋል።»

«ተደግፎ» አለ በያጁ።

«አዎ። ለዚህ እኮ ነው 'ብዙ አይገላበጡ' ስልዎ የነበረው።»

በያጁ ስምንት ቀኑን አሰበ። ያስነጠሰውን አሰበ። ሐሙስ ዕለት በፊውዝ ወሬ ሆዱን ይዞ የሳቀውን፣ ዓርብ ማታ ወደ ግራ የተገላበጠውን፣ አንድ ጎልማሳ አልጋው ሥር ገብቶ አልጋውን እንደ ወንፊት የነቀነቀበትን ሰዓት አሰበ። ያ ሁሉ ሲሆን እሱ ከሕይወት ጋር የተያያዘው ግድግዳ በተደገፈ ሽቦ ነው። ክው አለ።

ማሳያው ድምፅ ሰጠ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሦስት።

«አባባ! ምን ተሰማዎት? ያምዎታል?»

«ሳይበየድ!» አለ በያጁ።

ዶክተሯ ማሳያውን አየች፤ መስመሩ አንድም አልተዛነፈም። ፎቁ አዝዟል፣ ትእዛዙ ደረጃውን ወርዷል፣ ምድር ቤቱ እየሮጠ ነው። ፈገግ ብላ ካርዱን አወጣችና ጻፈችበት።

«ጥሩ ነው። ይደንግጡ» አለች። «እስቲ ትንሽ ይጨምሩልኝ።»